በስልክ የተራረሙ አስተርጓሚዎች

ጡረታ ወጣሁ ስል ሰዎች ይስቃሉ። ስደተኛ ደግሞ ምን ጡረታ አለው? እውነታቸውን ነው፤ የጡረታ መታወቂያም አበልም የለኝም። ነገር ግን ሥራዬን ሠርቼ፣ ለሌላ ሰው አስረክቤ ቤቴ ተቀምጫለሁ። ሌላ ስም ስላላገኘሁለት ጡረታ እለዋለሁ።

ሥራዬ ማስተርጎም ነበር። ካምፓላ ውስጥ ታመው ሐኪም ዘንድ የሚሄዱ ኢትዮጵያውያን እንግሊዝኛም ሉጋንዳም ካልቻሉ፣ በእነሱና በሐኪሙ መሀል የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። አዲስ አበባ ሳለሁ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ካምፓላ መጥቼ ካንሳንጋ ሰፈር ስገባ ግን የእኔ እንግሊዝኛና የአገሬው እንግሊዝኛ አልተዋወቁም፤ ዳቦ ለመግዛት እንኳ በጣቴ እጠቁም ነበር። ቀስ በቀስ ጆሮዬ ለመደው።

ወደ ሥራው የገባሁት በአጋጣሚ ነው። አብራኝ በአንድ ግቢ የምትኖር አንዲት እናት ታመመችና ሆስፒታል ይዣት ሄድኩ። ልንወጣ ስንል ሐኪሙ፣ «ነገም አንድ ኢትዮጵያዊ ይመጣብኛል፤ ልትመጪ ትችያለሽ?» አለኝ። ሄድኩ። በሌላውም ቀን ሄድኩ። በመጨረሻ ስደተኞችን የሚረዳ አንድ ድርጅት ቀጠረኝ። የሚከፈለን በሠራንበት ቀን ልክ ሲሆን፣ ወር ሲያልቅ የምንሞላው ቅጽ ከሥራው የበለጠ ያደክመን ነበር። ስለ እሱ ይኸው ይበቃል።

ሙያውን ያስተማረችኝ ናካቶ የምትባል ኡጋንዳዊት ናት። የድርጅቱ አንጋፋ አስተርጓሚ ስትሆን ሉጋንዳ፣ ስዋሂሊና ኪንያርዋንዳ ትችላለች። ከአማርኛ ግን አንዲት ቃል አታውቅም። ታዲያ አለቃችን እሷ ታርምሽ ሲለኝ ግራ ገባኝ። የማታውቀውን ቋንቋ እንዴት ልታርም ነው?

ናካቶ የምርመራ ክፍሉ ጥግ ላይ ትቀመጣለች። እጇን ጉልበቷ ላይ ታደርግና በሽተኛው ትንፋሽ ወስዶ ሌላ ሐሳብ በጀመረ ቁጥር አንድ ጣቷን ታጥፋለች። እኔ ስተረጉም ደግሞ ጣቶቿን አንድ በአንድ ትዘረጋለች። ጨርሰን ስንወጣ ኮሪደር ላይ ምንም አትናገርም። ከሆስፒታሉ በር ውጪ ሮሌክስ የሚሸጥ ልጅ ነበር፤ ሮሌክስ እዚህ አገር በቻፓቲ የተጠቀለለ እንቁላል ነው። ገዝታ አንዴ ከጎረሰች በኋላ ነው ወሬ የምትጀምረው።

አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦ «የሰማሁትን ልንገርሽ። ሴትዮዋ ብዙ ተናገረች፤ አንቺ ትንሽ ተናገርሽ። መሀል ላይ ፊቷ ተለወጠ፤ ያንቺ ድምፅ ግን ያው ነበር። እዚያ ጋ ምን አለች?»

ከዚያ ሮሌክሷን መብላቷን ቀጠለች። እኔ ወደ ኋላ ሄጄ አስታወስኩ። ሴትዮዋ ከዚህ በፊት ፅንስ እንደወረደባት ተናግራ ነበር። ወጣት ወንድ ሐኪም ፊት ያንን ማውጣት ከብዶኝ፣ «ቀደም ሲል ታምሜ ነበር» ብዬ አልፌዋለሁ።

ናካቶ ተሳስተሻል አላለችኝም። «እንመለስና ለሐኪሙ ንገሪው» አለችኝ፤ ተመለስን። ሐኪሙ ሰምቶ የሚታዘዘውን ምርመራ ለወጠ።

በሽተኛው «ያመኛል» ካለ «ያመኛል» ማለትን፣ «ያመዋል» አለማለትን ከእሷ ነው የተማርኩት። «ያመዋል» ካልሽ ሐኪሙ አንቺን እያየ ማውራት ይጀምራል፤ በሽተኛው ከክፍሉ የወጣ ያህል ነው ትለኝ ነበር። የቀረውን ሥራው ራሱ አስተማረኝ። «ምች መታኝ» የሚል ሰው ሲመጣ በእንግሊዝኛ ስም ፍለጋ ከመባዘን፣ ፊቱ ላይ የወጣበትን ነገር እንዲያሳይ መጠየቅ ይሻላል። «ልቤን ያቃጥለኛል» የሚል ሁሉ የልብ ሕመምተኛ አይደለም። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ዓመታት ሄዱ። ናካቶም ወረርሽኙ ከመግባቱ በፊት ሥራ ለቃ ማሳካ ወዳለው እርሻዋ ተመለሰች።

በሁለት ሺህ ሃያ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ከተማው ተዘጋ። ታክሲ ቆመ፣ ቦዳ ቦዳ የሚሉት የሞተር ብስክሌት ታክሲም ዕቃ እንጂ ሰው እንዳይጭን ተከለከለ። ሰው ግን መታመሙን አላቆመም። ሆስፒታሎቹ በስልክ አስተርጉሙልን ማለት ጀመሩ፤ አማርኛ የምሠራው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። አለቃዬ ሚስተር ኦኬሎ ደወለልኝ።

«አልማዝ፣ ለዚህ ሁሉ ስልክ አንድ ሰው አይበቃም። አስተርጓሚዎች አሠልጥኚልኝ።»

«የት ላሠልጥን? ትምህርት ቤት ሁሉ ተዘግቶ?»

«ስልክሽ ላይ» አለኝ።

እንግሊዝኛ የሚችሉ ኢትዮጵያውያን ሰብስቤ በዋትስአፕ ክፍል ከፈትኩ። ሐኪምም በሽተኛም እየሆንኩ ንግግር ቀርጬ እልክላቸዋለሁ፤ እነሱ ትርጉማቸውን በድምፅ ቀርጸው ቡድኑ ውስጥ ይለቁታል፤ ከዚያ እርስ በርስ ይተራረማሉ። ሐሳቡ ይህ ነበር። አንዷ ተማሪዬ ሐያት ትልቅ መስጊድ ካለበት ኪቡሊ ኮረብታ ሥር ስለምትኖር ቀረጻዋ ውስጥ ብዙ ጊዜ አዛን ይሰማል። ትዕግሥት የምትባለው ደግሞ ቡጎሎቢ ሰፈር አንድ ፎቅ ውስጥ በሞግዚትነት ልጆች ትጠብቃለች፤ ኔትወርክ ፍለጋ ደረጃው ላይ ወጥታ ስለምትቀርጽ ድምፅዋ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል።

መቅረጹን ወዲያው ለመዱት። መተራረሙ ግን እምቢ አለ። አንዱ ቀረጻውን ሲለቅ ሌሎቹ «በርታ»፣ «በጣም አሪፍ ነው» ብለው የአበባ ምስል ይደረድራሉ። ግማሹ የበሽተኛው ንግግር ቀርቶም አበባ ነው። ሰውን ፊት ለፊት ስህተቱን መንገር እኛ ዘንድ ከስድብ አይርቅም። ሰውየው በዕድሜ ከበለጠ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም።

በዕድሜ የሚበልጣቸው ጋሽ በላይነህ ነበሩ። ደሴ ባዮሎጂ ያስተምሩ የነበሩ፣ አማርኛቸው ሲፈስ ደስ የሚል፣ እንግሊዝኛቸውም የተስተካከለ ሰው ናቸው። ችግራቸው መጨመር ነበር። ሐኪሙ «ይህን ኪኒን ጠዋትና ማታ ትወስዳለህ» ይላል። እሳቸው ሲተረጉሙት፣ «ወንድሜ አይዞህ፤ ይህችን ኪኒን ጠዋትና ማታ ምግብ ከበላህ በኋላ ትወስዳለህ፤ አልኮል እንዳትነካ፤ እግዚአብሔር ይማርህ» ይሆናል። ለጆሮ ማር ነው። ግን ያ ኪኒን በባዶ ሆድ የሚወሰድ ቢሆንስ?

አንድ ሰው እስኪነግራቸው ብጠብቅ የሚደፍር ጠፋ። ስለዚህ ለቡድኑ አንድ ትእዛዝ ጻፍኩ፦ በዚህ ሳምንት ማመስገን ክልክል ነው፤ እያንዳንዱ ከእሱ በፊት የቀረበውን ቀረጻ ሰምቶ አንድ ስህተት ያወጣል። የጋሽ በላይነህ ቀረጻ ለሐያት ደረሰ። ሐያት ነገር ማለዘብ አይሆንላትም።

«ጋሽ በላይነህ፣» አለች በድምፅ መልእክት፣ «ሐኪሙ ከምግብ በኋላ አላለም። ስለ አልኮልም አላነሳም። እርስዎ ሐኪም አይደሉም እኮ። የበሽተኛውን ጊዜ በምክር ጨረሱት።»

አንድም የተሳሳተ ነገር አልተናገረችም። ከሥር አንዱ የሚስቅ ፊት ለጠፈ፤ ሌላው ተከተለ። ትንሽ ቆይቶ ጋሽ በላይነህ ከቡድኑ መውጣታቸውን ስልኬ አሳየኝ።

ደወልኩ፤ አላነሱም። እገዳው ላላ ሲል ካንሳንጋ ውስጥ ያሉበትን ጠይቄ ሄድኩ። በአክብሮት ተቀበሉኝ፤ ወንበር ወደ ውጪ አውጥተው ራቅ ራቅ ብለን ተቀመጥን።

«ልጅቷ አልዋሸችም፣ ወይዘሮ አልማዝ» አሉኝ። «ጨምሬያለሁ። ሦስት ጊዜ መልሼ ሰማሁት።»

«እንግዲያው ይመለሱ። ለብቻችን እንሠራለን።»

«እኔ እዚህ አገር ዘበኛ ነኝ። ሁሉም የሚያውቀኝ ሙዜ ብሎ ነው፤ ሽማግሌው ማለታቸው ነው። እዚያ ቡድን ውስጥ ስገባ ግን እንደገና መምህር እሆን ነበር። አሁን ድምፄን በቀረጽኩ ቁጥር የሚስቁት ናቸው የሚታዩኝ።»

«እነሱ ይቅርታ ይጠይቁዎታል።»

«ይቅርታውን አልጠላም። ግን ወደዚያ አልመለስም» አሉ። ሻይ ካላፈላሁ ብለው ለመኑኝ፤ ጠጥቼ ወጣሁ። አልተመለሱም። የእሳቸውን ያህል አማርኛ ያለው ሰው ከዚያ በኋላ አልገጠመኝም። በሥራ ዘመኔ ከከሸፉብኝ ነገሮች ይህን የሚያህል የለም።

ሐያት ነገሩን ስትሰማ፣ «እትዬ፣ እርስዎ ያዘዙንን እኮ ነው ያደረግኩት» አለችኝ። አዎ፣ ያዘዝኩትን ነው ያደረገችው። ስለዚህ ትእዛዙን ቀየርኩ።

ከዚያ በኋላ ማንም ሰው ቡድን ፊት አልታረመም። ሁለት ሁለት አድርጌ አጣመርኳቸው፤ ቀረጻቸውን ለየጥንዳቸው ብቻ ይላላካሉ። አድማጩ ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው ከማለቱ በፊት የሰማውን በቅደም ተከተል ይናገራል። ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል። ተናጋሪው ራሱ ስህተቱን አግኝቶ እንደገና ይቀርጻል። ማመስገን ተፈቀደ፤ ግን «በርቺ» አይቆጠርም። የትኛው ቃል፣ የትኛው ቦታ እንዳማረ መነገር አለበት።

ሐያትን ከትዕግሥት ጋር አደረግኳቸው። ሁሉም ሰው ይህ ጥምረት አይዘልቅም አለኝ። ሐያት ቶሎ ትናገራለች፤ ትዕግሥት ጨርሶ አትናገርም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትዕግሥት የምትልከው መልስ አንድ ዓረፍተ ነገር አይሞላም ነበር። በኋላ አንድ ልምምድ ላይ በሽተኛዋ «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ትላለች። ሐያት የሆድ ሕመም አድርጋ ተረጎመችው። ትዕግሥት የላከችላትን ድምፅ ሐያት ራሷ ናት ያሰማችኝ።

«በሽተኛዋ ‹ሆዴን ባር ባር ይለኛል› አለች። አንቺ ‹ሆዴን ያመኛል› ስትዪ ሰማሁ። ጥያቄዬ… እናትሽ እንዲህ ስትል ሆዷን ነበር የሚያማት?»

ሐያት ሳቋ አላልቅ አላት። ሆድ ሳይሆን ሆድ መባባት መሆኑን አስተካክላ እንደገና ቀረጸች። እሷም በበኩሏ የትዕግሥት ዓረፍተ ነገሮች መጨረሻቸው እንደሚጠፋ ሰምታ፣ «ስትጨርሺ ድምፅሽ የት ይገባል?» ብላ ጠየቀቻት። ከዚያ ወዲህ ትዕግሥት ጣሪያው ላይ ልብስ እያሰጣች መቅረጽ ጀመረች፤ ነፋሱን ለመብለጥ ስትል ሳትወድ በግድ ጮክ ብላ ትናገራለች። ይህን እኔ አላስተማርኳቸውም። ሁለቱ ተመካክረው ያመጡት ነው።

በሁለት ሺህ ሃያ አንድ የወረርሽኙ ሁለተኛ ማዕበል ሲመጣ እውነተኛ ስልኮች ለእነሱ መድረስ ጀመሩ። አንዷ ስታስተረጉም ሌላዋ ማይክራፎኗን ዘግታ በዚያው መስመር ታዳምጣለች፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ይነጋገራሉ። አዳማጭ መሀል አይገባም የሚል ደንብ ነበረን። ሐኪም በሥራ ላይ እያለ ሁለት ድምፅ መስማት የለበትም ብዬ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ከአንድ ሆስፒታል ተደወለ። አንዲት ኢትዮጵያዊት ሳንባዋን ታማ ብቻዋን ተኝታለች፤ ትንፋሽ ያጥራታል። ነርሷ ስልኩን አፏ አጠገብ ይዛላታለች። ሐያት ታስተረጉማለች፤ ትዕግሥት ታዳምጣለች። ሐኪሟ የመርፌውን ስም ጠርታ እንደሚሰጧት ተናገረች፤ ሐያት ተረጎመች። ሴትዮዋ እያቃሰተች፣ «መርፌውን ተዉኝ… እሱ አይስማማኝም» አለች።

ሐያት፣ «መርፌውን አልፈልግም፤ አልተስማማሁም» ብላ በእንግሊዝኛ ተረጎመችው። መርፌ የሚፈራ ሰው ብዙ ነው። ሐኪሟም ለምዳዋለች፤ «መርፌው ለሕይወትሽ ያስፈልጋል፤ እባክሽ ፍቀጂ» አለች። ሐያት ያንንም አደረሰች። ሴትዮዋ ለመከራከር አቅም አልነበራትም። «እሺ እንግዲህ» አለች። ነርሷ መርፌውን ለማዘጋጀት ስልኩን ትራሱ ላይ አስቀመጠችው።

በዚህ ጊዜ መስመሩ ላይ ሌላ ድምፅ መጣ።

«ይቅርታ ዶክተር፤ የአስተርጓሚዋ ባልደረባ ነኝ፣ እባክዎ ትንሽ ይጠብቁ» አለች ትዕግሥት በእንግሊዝኛ። ቀጥላ በአማርኛ፣ «ሐያት፣ ‹አይስማማኝም› ስትል ሰማሁ። ምን ማለቷ ነው?»

ሐያት በኋላ እንደነገረችኝ መጀመሪያ የተሰማት ንዴት ነው። ሐኪም ፊት፣ በሥራ መሀል! ቀጥሎ ግን ቃሉ ገባት። «እኔ» የሚለው ቃል የበሽተኛዋ ስለሆነ፣ በትምህርታችን ልማድ ስለ ራሷ እንደ ሌላ ሰው ተናገረች፦ «ዶክተር፣ አስተርጓሚዋ ተሳስታለች። በሽተኛዋን እንደገና እንድትጠይቅ ይፍቀዱላት።»

ተፈቀደላት። «እህቴ፣ ይህ መርፌ ከዚህ በፊት ምን አድርጎሽ ነበር?»

«ኢትዮጵያ ሳለሁ ወግተውኝ ፊቴ አበጠ፤ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ዳግመኛ እንዳትወጊ ብለውኛል» አለች ሴትዮዋ፣ ቃል በቃል እያረፈች።

ሐያት እንዳለ አቀረበችው። ሐኪሟ ነርሷን «አቁሚ!» ስትል ሁለቱም ሰሙ። ሌላ መድኃኒት ታዘዘ። ሴትዮዋ ሰንብታ ድና በእግሯ ወጣች።

ሐያት ሥራው እንዳለቀ ደወለችልኝ። «እትዬ፣ ትዕግሥት ደንብ ጥሳለች» አለች። ስታለቅስ እንደነበር ድምፅዋ ያስታውቃል። «ደንቡን ይቀይሩት» አለችኝ። በዚያው ቀን ቀየርኩት። በሽተኛ የሚጎዳ ነገር የሰማ አዳማጭ ወዲያው ይናገራል።

በሁለት ሺህ ሃያ ሁለት ሁሉም ተከፈተ፤ እኛም ወደ ሆስፒታሎቹ ተመለስን። የስልኩ ክፍል ግን አልተዘጋም፤ አዲስ ተማሪዎች ገቡ። ለእነሱ የሚሆን የናሙና ቀረጻ አዘጋጀሁ። ሚስተር ኦኬሎ በስልክ ሐኪም ሆነ፣ እኔ አስተረጎምኩ። ማንም ሰው ቀረጻው ሳይታረም አይለቅም ብዬ ስለነበር የእኔንም ለትዕግሥት ላክሁላት።

ሌላ ጊዜ ወዲያው የምትመልሰው ልጅ መልስ ሳትልክ ቀረች። የዕረፍት ቀኗ ሲደርስ ከቡጎሎቢ በቦዳ ቤቴ ድረስ መጣች። ቁጭ በይ ስላት እንደቆመች ቀረች።

«እትዬ፣ የሰማሁትን ልንገርዎት?»

«ንገሪኝ እንጂ።»

«ሚስተር ኦኬሎ አሥራ አምስት ጠብታ ሲሉ ሰማሁ። እርስዎ ሃምሳ አሉ።»

በእንግሊዝኛ ሁለቱ ቁጥሮች በድምፅ ይቀራረባሉ። «መስመሩ መጥፎ ነበር» አልኳት።

«መስመሩ ጥሩ ነው እትዬ። ሌላ ቦታም አለ።» ስልኳን አውጥታ አሰማችኝ። ሐኪሙ አታቁሚ ሲል እኔ አቁሚ ብያለሁ። ሌላም አሰማችኝ። ከዚያ ጥያቄዋን ጠየቀች፤ አንድ ብቻ፦ «የሰውየውን ከንፈር ካላዩ ይሰማዎታል?»

ሰው ሁሉ አፉን በማስክ ከሸፈነ ወዲህ ሐኪሞቹ ያጉተመትማሉ እያልኩ አማርር ነበር። የስልኬን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍቼም ኔትወርኩን እራገም ነበር። ትዕግሥት ፊቴን እያየች ማልቀስ ጀመረች። አስቀምጬ ውሃ ሰጠኋት።

«ሌላስ?» አልኳት።

«ሌላ የለም። አማርኛው ሁሉ ያምራል። በተለይ በሽተኛዋን ሲያረጋጉ ያሉት ልክ ሐኪሙ የተናገረው ነው፤ አልጨመሩም።»

«እንግዲያው ይህንኑ በድምፅ ቅረጪልኝ። አማርኛ ይሁን፣ እንዳይከብድሽ።»

ጆሮዬን ተመረመርኩ፤ ሁለቱም ደክመዋል። የመስሚያ መሣሪያ ብታደርጊ ለቤት ወሬ ይረዳሻል ተባልኩ። በሐኪምና በበሽተኛ መሀል ለመቀመጥ ግን እኔው ራሴ አላመንኩትም። ሚስተር ኦኬሎ ቢሮ ሄጄ ሥራ ላቆም ነው አልኩት። እሱ ጥሩ ሰው ነው፤ አልሰማም አለኝ።

«አንድ ስህተት ነው አልማዝ። ማን አለኝ ካንቺ ሌላ?»

ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ የትዕግሥትን ድምፅ ከፈትኩት። በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ እያቆምኩ ተረጎምኩለት።

«ስሜ ትዕግሥት ነው» አልኩት በእንግሊዝኛ። «ሙያውን ያስተማረችኝ አልማዝ ናት። ሐኪሙ አሥራ አምስት ሲል እሷ ሃምሳ ስትል ሰማሁ። አታቁሚ ሲል አቁሚ ስትል ሰማሁ። እውነተኛ በሽተኛ ቢሆን ኖሮ ይጎዳ ነበር። አማርኛዋ ያምራል፤ አልጨመረችም። ይህን መናገር ይከብደኛል፤ ስለምወዳት ነው።»

ሚስተር ኦኬሎ ዓይኑን ከስልኩ ላይ አልነቀለም። ድምፁ ሲያልቅ ቀና ብሎ አየኝ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እኔ አስተርጓሚዋ ነኝ፤» አልኩት። «የምጨምረው የለኝም።»